የገናው ጠጅ፦ ከማንኪራ ጫካ እስከ ቤታችን ጋን

ማንኪራ ሲባል አንባቢያችን አስቀድሞ የሚያስታውሰው ቡናን እንደሚሆን አንጠራጠርም። በካፋ ዞን፣ ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው ይህ ጫካ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ የቡና መገኛ ተብሎ ሲነገርለት የኖረ፣ «እናት ቡና» የሚባለውንም ዛፍ በጉያው ይዞ ለእንግዳ የሚያሳይ ስፍራ ነው። እኛ ግን በዚህ በብርሃነ ልደቱ ዋዜማ የአንባቢን ልብ ወደ ማንኪራ ልንመልስ የወደድነው ስለ ቡናው አይደለም፤ ከቡናው አናት በላይ፣ በረጃጅሞቹ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ስለ ተሰቀለው ቀፎ ነው። ሌሊቱን በማኅሌትና በቅዳሴ አድረን፣ ጾሙን ፈትተን በማዕድ ዙሪያ ስንቀመጥ በብርሌ የሚቀዳልን ጠጅ የመጣበት መንገድ ቢጠየቅ እንዲህ ካለው ከፍታ ላይ ያደርሰናልና።

የንብና የገና ነገር በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክም ተያይዞ የሚነሣ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ልደት ሲከበር፣ በላሊበላ ከተማ የቅዱስ ላሊበላም ልደት አብሮ ይታሰባል። ገድሉ እንደሚያወሳው ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንቦች መጥተው ከበቡት፤ እናቱም ይህን አይታ ንቦች ንግሥናውን ዐወቁለት ስትል ስሙን በዚሁ ጠራችው። ዛሬም በቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይና ከታች ተሰልፈው «ቤዛ ኵሉ»ን ሲቀባበሉ ለማየት ከየሀገሩ የሚጎርፈው ምዕመን፣ የሁለቱን ልደት በአንድ ቀን አክብሮ ይመለሳል። በግእዝ «ሜስ» ተብሎ የሚጠራው የማር ጠጅም በሀገራችን የቆየ ነው። ከ1520 እስከ 1526 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በየደረሰበት የቀረበለትን የማር መጠጥ በጽሑፉ ሳይጠቅስ አላለፈም።

የካፋን ምድር ላላየ አንባቢ ጥቂት እንበል። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚደረስባት ቦንጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ዝናብ የማይርቃት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ ተብሎ ሲመዘገብ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት ያካተተ ነበር። በዚህ ደን ውስጥ ዛፎቹ ለንብ ማዕድ የሚዘረጉት በየተራቸው ነው። ግራዋው በበጋው ያብባል። ቡናው በየካቲትና በመጋቢት የበልጉ ዝናብ ሲነካው በአንድ ጊዜ ነጭ ሆኖ ያድራል። ከዚያ ተራው የጌተም ይሆናል፤ በካፋ ቋንቋ ቡቶ የሚሉት ይህ ረጅም ዛፍ ሲያብብ ንቡ ከሌላው ሁሉ እርሱን ያስቀድማል። ከጌተም የሚገኘው ነጩ ማር የሚቆረጠው በአብዛኛው በሚያዝያና በግንቦት ነው። ብሳናውና ዶቅማውም የየራሳቸውን ድርሻ ይጨምራሉ።

እንግዲህ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንሻው ነገር አለ። ለገና የሚጣለው ጠጅ የዘንድሮ አበባ ፍሬ አይደለም። ከዐቢይ ጾምና ከፋሲካ ግድም ተቆርጦ፣ ክረምቱን ሙሉ ተከድኖ የቆየ ማር ነው። የዛሬው የበዓል ጋን ሰባትና ስምንት ወር አስቀድሞ የታሰበበት ነው ማለት ነው፤ ያኔ ያላሰበው ቤት በታኅሣሥ ወደ ገበያ ሲወጣ የሚያገኘው ምን እንደሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ማሩን ከዛፍ ለማውረድ የሚከፈለውን ዋጋ በብርሌ የሚጠጣው ሰው እምብዛም አያስበውም። በካፋ ጫካ ቀፎው የሚሰቀለው ሰውም አውሬም በቀላሉ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ነው። ንብ አንቢው በገመድና በሐረግ እየተደገፈ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጨለማን ተገን አድርጎ፣ የሚጨስ ችቦ ይዞ ይወጣል። እግሩ ያመለጠው ወድቆ የሚሰበርበት፣ አልፎም ሕይወቱን የሚያጣበት ሥራ ነው። ጫካውም ባለቤት የሌለው ዱር አይደለም። ኮቦ በሚባለው ነባር ሥርዓት እያንዳንዱ ቤተሰብ ቀፎ የሚሰቅልበት የደን ድርሻ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። የሌላውን ኮቦ ገብቶ ዛፍ የሚቆርጥ በሽማግሌ ፊት ይጠየቃል። ዛፍ ያለ ማር፣ ማርም ያለ ዛፍ እንደማይገኝ የተረዳ ሕዝብ ያበጀው ሥርዓት ነውና ከብዙ የተጻፈ ደንብ ይልቅ ጫካውን ሲጠብቅ ቆይቷል ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ከ1988 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በቦንጋ አካባቢ የተጀመረው የአሳታፊ ደን አስተዳደርም ነዋሪው በደኑ ተጠቃሚም ጠባቂም እንዲሆን የሚል ሐሳብ ይዞ የተነሣ ነው።

ጠጁ ሲጣል

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል። የበዓሉን ጠጅ የምታስብ እመቤት ከጾሙ አጋማሽ በኋላ፣ በታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንት ጋኑን ታወጣለች። ጋኑ በደንብ ይታጠባል፤ በግራዋ ቅጠል የሚያሹት አሉ። ከዚያ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ይህ ለሽታ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ጭሱ በሸክላው ቀዳዳ ውስጥ ተሸሽጎ ጠጁን ወደ ሆምጣጤ የሚለውጠውን ተሕዋስ ያዳክማል። ሸክላ የሌለው ቤት በመስታወት ወይም ለምግብ ተብሎ በተሠራ ፕላስቲክ ዕቃ ቢጥል ነውር የለበትም። ዝገት ከሚይዝ ብረት ግን ይራቅ፤ ጠጅ ጎምዛዛ ነገር ስላለው ብረቱን ይበላል፤ ጣዕሙም ይበላሻል።

ልኩ አንድ መስፈሪያ ማር ለሦስት መስፈሪያ ውሃ፣ ቀለል እንዲል ለሚፈልግ ለአራት ነው። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ቢሆን ይመረጣል። ለጠጅ የሚፈለገው ማር ለገበታ ከሚቀርበው ይለያል። ነጩና የተጣራው ማር ለዳቦና ለሕመምተኛ ይቀመጥ፤ ባለሙያዎቹ ጠጅ ጣዮች የሚመርጡት ከነሰሙ ከነእንጀራው የመጣውን፣ ቀላ ያለውን ማር ነው። በዚያ ውስጥ ያለው የአበባ ዱቄት እርሾውን ይመግበዋል፤ ጠጁም ቀለምና ጉልበት ያገኛል። ማሩ በውሃው ውስጥ በእጅ እየታሸ ይበረዛል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሰሙና ጉድፉ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ይህን ሰፈፍ ይሉታል። ተገፍፎ ይወጣል፤ ነገር ግን አይጣልም፤ ነገሩን ለመጨረሻው እናቆየው።

ቀጥሎ የጌሾ ተራ ነው። ለጠላ ቅጠሉ እንደሚወቀጥ ሁሉ ለጠጅ የሚሻለው እንጨቱ ነው። ተልጦና ታጥቦ ከብርዙ ጥቂት ተቀንሶ አብሮ ይፈላል፤ ሲቀዘቅዝ ወደ ጋኑ ይመለሳል። ጌሾው ምሬቱን ይሰጣል፣ ጠጁንም ከመበላሸት ያግዘዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ እርሾ የጨመረ ሰው የለም። እርሾው ከማሩ፣ ከጌሾውና ከጋኑ ግድግዳ በራሱ ይመጣል። ለዚህ ነው አንድ ዓይነት ማር የገዙ ሁለት ጎረቤታሞች ጠጃቸው አንድ የማይሆነው፤ ጠጅ የሰመረላት ሴትም ጋኗን ለሰው የማታውሰው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። በየቀኑ በንጹሕ ማማሰያ ይማሰላል። በሞቃት ስፍራ አምስት ቀን ያህል፣ በደጋ ደግሞ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ቀን ይፈላል። የቦንጋዋ እናት ከደብረ ብርሃኗ ቀደም ብላ ታጠልላለች ማለት ነው፤ አንዱ ቤት የሚሰጠውን የቀን ቁጥር ሌላው ቤት ሳያመዛዝን ቢወስደው ወይ ጥሬ ጠጅ ወይ ሆምጣጤ ያተርፋል። በመፍላት ላይ ያለውን ጠጅ በጀሪካን አጥብቆ መዝጋት ደግሞ አደገኛ ነው፤ የሚወጣው አየር ማምለጫ ካጣ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል።

በጾም የሚጣል ጠጅ ሌላም ፈተና አለው። ከሚያሰክር መጠጥ ተከልክላ የምትጾም ሴት ጠጁን አትቀምሰውም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 14 በጫካ ውስጥ ማር ሲፈስ እያየ በመሐላ ስለታሰረ እጁን ወደ አፉ ያልመለሰውን ሕዝብ ትመስላለች። ታዲያ መድረሱን በምን ታውቃለች? በጆሮና በአፍንጫዋ ነው። ጋኑ ሲብላላ እንደ ዝናብ ጠብታ የሚያሰማው ድምፅ እየሳሳ ሄዶ ዝም ሲል፣ ከላይ የነበረው አረፋ ሲሰበሰብ፣ የሚነድፈው ሽታ ለስለስ ሲል ያን ጊዜ ይጠለላል። ይህን የዐወቁ እናቶች ሙያ ከየትኛውም መለኪያ የማይተናነስ መሆኑን ደጋግመን አይተናል።

ማርና ስኳር

ወደ ኋላ እንመለስበታለን ያልነው ነገር ይህ ነው። በበዓል ሰሞን የማር ዋጋ ይወደዳል፤ ፈላጊው ይበዛል፤ በዚህም ምክንያት ስኳር የተቀላቀለበት ማር፣ ከዚያም ብሶ በስኳርና በቀለም ብቻ የተሠራ «ጠጅ» ወደየቤቱ ይገባል። ስኳር በራሱ መርዝ አይደለም፤ እርሾም ስኳርን ያፈላል፤ መጠጡም ያሰክራል። ችግሩ ማር ተብሎ መሸጡ ነው። ገዢው ለማር የሚሆን ዋጋ ከፍሎ ስኳር ይዞ ይሄዳል። በካፋ ጫካ ዛፍ ላይ የሚወጣው ሰው ደግሞ ዕቃው ከስኳር ጋር በአንድ ዋጋ ሲወዳደር ይከስራል። ከማር የሚያገኘው ገቢ ካነሰ ጌተሙን አቁሞ የሚጠብቅበት ምክንያትም ያንሳል። ዛፉ ለጣውላና ለከሰል ይፈለጋል፤ መሬቱ ለእርሻ ይፈለጋል። በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ገበያ የሚፈጸም ማታለል እስከ ማንኪራ ደን ይደርሳል የምንለው ለዚህ ነው።

በዚህ ረገድ በሕዝቡ ዘንድ ተሰራጭቶ ያለውን አንድ የተሳሳተ ግምት ማረም ግድ ይለናል። ብዙ ሰው ረግቶ እንደ አሸዋ የሆነ ማር ሲያይ ስኳር አለበት ብሎ ይመልሰዋል። ማር ግን በተፈጥሮው ይረጋል። እንዲያውም ንጹሕ ሆኖ ፈጥኖ የሚረጋ ማር ብዙ ነው፤ ሁልጊዜ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ሊያጠራጥር የሚችልበት ጊዜም አለ። ማሩን ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጎ ማየትና በክብሪት መለኮስም የሚያስተማምን መፈተኛ አይደለም፤ ቁርጡ የሚታወቀው በቤተ ሙከራ ነው። ለቤት እመቤት የሚሻለው መንገድ ሻጩን ማወቅ ነው። ማሩ በሚቆረጥበት ወራት፣ በግንቦትና በሰኔ፣ ከነእንጀራው ወይም ከታወቀ የንብ አንቢዎች ማኅበር መግዛት፤ ከዚያም ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ማስቀመጥ። እንደ ካፋ እርጥበት በበዛበት አገር ንቡ ሳያሽገው የተቆረጠ ማር ውሃ ይበዛበታል። በዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ የማር የውሃ መጠን በጠቅላላው ከመቶ 20 እንዳይበልጥ የተወሰነውም ከዚያ ያለፈ ማር በቀላሉ ስለሚቦካ ነው።

ማር አቅም ይጠይቃል፤ እንግዳው ብዙ ነው፤ ታዲያ ድሃው ቤት ምን ያድርግ? ለሚለው ጥያቄ የእኛ መልስ አጭር ነው፤ ጋኑ ይነስ። አንድ ኪሎ ማር ሦስት ሊትር ብርዝ ይወጣዋል፤ ይህም ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው። ብርዝ የጠጅ ታናሽ ተደርጎ መታየቱ አግባብ አይመስለንም። ማሩ ተበርዞ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ሲጠጣ አያሰክርም፤ ለሕፃናትና ለአረጋውያን፣ መድኃኒት ለሚወስዱና ለነፍሰ ጡሮች ይስማማል። ሆኖም ዓመት ያልሞላው ጨቅላ ማርም ብርዝም ሊቀምስ አይገባውም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ለትልቅ ሰው የማያሳስብ ተሕዋስ የጨቅላውን ጡንቻ የሚያዝል ከባድ ሕመም ያመጣልና፣ በበዓል ደስታ የሕፃኑን ምላስ ማር ማስነካት የለመዱ አያቶች ይህን ልብ ይሉልን ዘንድ በአክብሮት እንለምናለን።

በማዕድ ፊት

ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌ 25 ላይ ማር ያገኘ ሰው የሚበቃውን ያህል ብቻ እንዲበላ መክሮ ነበር፤ ማሩ ወደ ጠጅ ሲለወጥ ምክሩ ይበልጥ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 3 ዲያቆናት ለብዙ ወይን ጠጅ የማይጎመጁ እንዲሆኑ አዟል፤ ይህ በቀጥታ ለእኛ የተጻፈ ስለሆነ ለሌላው ከመንገራችን በፊት የራሳችንን ብርሌ መቁጠር ይገባናል።

በባህላችን እንግዳን «በሞቴ» እያሉ ማስጠጣት የፍቅር ምልክት ነው። ይህን ፍቅር አንነቅፍም። ነገር ግን መኪና ነድቶ ለሚመለስ፣ ከመጠጥ ጋር ለተጣላ መድኃኒት ለተገዛ፣ መጠጥ ለመተው ስእለት ለተሳለ ሰው «በሞቴ» ማለት ፍቅሩን ወደ ጭካኔ ይለውጠዋል። በየበዓሉ ማግሥት ወደ ሐኪም ቤት የሚገቡትን የመኪና አደጋ ጉዳተኞች ያየ ሰው ይህን አባባል ከበድ አድርጎ አይወቅሰንም። ብልህ ባለቤት ብርዙንም በዚያው ዓይነት ብርሌ ይቀዳል፤ ያን ጊዜ እንግዳው ምን እንደሚጠጣ ለሰው ሁሉ ማስረዳት አይኖርበትም። በማንኪራ ዙሪያ ባሉ ቤቶች ደግሞ ይህን ችግር የሚያቃልል ሌላ ነገር አለ፤ ከጠጁ በኋላ ጀበናው መቅረቡ አይቀርም፤ የዚያው የጫካው ቡና ጭውውቱን ሦስት ዙር ያስረዝመዋል፣ ጠጁንም ያሳርፈዋል። ሆኖም ቡና ስካርን አያበርድም፤ የጠጣው ሰው ንቁ የሆነ ይምሰለው እንጂ አሁንም መሪ መጨበጥ የለበትም።

ለገና ያልደረሰለት ቤት ካለ ቀኑ አላለቀበትም። ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 ቀን ጥምቀት 12 ቀን አለ፤ እስከ ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላ ደግሞ 13። በቆላና በወይና ደጋ ለሚኖር ይህ የሚበቃ ጊዜ ነው። በደጋ ያለው ጋኑን ከምድጃ ብዙ በማይርቅ ስፍራ ካላቆመው በቀር ለቃና የሚደርስለት ለጋ ጠጅ ብቻ ይሆናል። በዚያች በገሊላ ሰርግ የነበሩት ስድስት የድንጋይ ጋኖች አስቀድመው በውሃ እስከ አፋቸው የተሞሉት በአገልጋዮች እጅ ነው፤ ለዚህ ነው በቃና ቀን ከጠጁ ቀድቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምሰው ጠጅ ጣዩዋ ራስዋ እንድትሆን የምንሻው። በብዙ ቤት ግን የምታፈላው እርስዋ፣ የምትቆመውም እርስዋ፣ የመጨረሻውን ብርሌ የምታገኘውም እርስዋ ናት።

አሁን ወደ ሰፈፉ። ጠጅ ለመቅደስ አይቀርብም፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለቅዱስ ቁርባን የሚሆነው ወይን ከዘቢብ የሚዘጋጅ ነው። ከዚያው ማር የወጣው ሰም ግን ወደ መቅደስ ይገባል፤ ጧፉ የሚሠራው በጥጥ ፈትል ላይ ከሚጠቀለል ሰም ነው። ኢትዮጵያ ሰም በብዛት ከሚያመርቱት ሀገሮች ተርታ የምትቆጠር ስትሆን፣ ከዚህም ውስጥ ብዙው የሚገኘው በጠጅ ቤቶችና በየመኖሪያ ቤቱ ከሚቀር ሰፈፍ ነው። ዛሬ በብዙ ደብር የሚበራው የፓራፊን ሻማ ነው፤ ዋጋው ስለሚቀል ማንንም አንወቅስበትም። ቢሆንም ሰፈፉን ከደጅ የምትደፋ እመቤት ብርሃን እየደፋች መሆኑን ብታውቅ ባልደፋችው ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። የተገፈፈው ሰፈፍ ማሩ እስኪለቅ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያ ውሃ ባለበት ድስት ተጨምሮ በዝግታ እሳት ይቀልጣል። ሰም በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ ያለ ውሃ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ሕፃናትም ከምድጃው ይርቃሉ። ሲቀልጥ በአሮጌ ነጠላ ወይም በከረጢት ጨርቅ ተጠልሎ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል፣ ሳይነካ ያድራል። ጠዋት ውሃው ከታች፣ ሰሙ ከላይ እንደ ድፎ ክብ ሆኖ ይገኛል። በሥሩ የተጣበቀው ጉድፍ በቢላ ይፋቃል። ከአንድ መካከለኛ ጋን የሚወጣው ሰም ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ለዓመት ተጠራቅሞ በወረቀት ተጠቅልሎ ወደ አጥቢያው ቢወሰድ፣ ጧፍ መጠቅለል የሚችሉ አረጋውያንና አገልጋዮች እስካሁን ባሉበት ደብር ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው ይቀበሉታል።